ተናኘወርቅ ያወጣችው ሠንጠረዥና የአሚኔ ሰሃን

ቡታጅራ ውስጥ የሰው ኪሎ የግል ጉዳይ አይደለም። መምህርት ተናኘወርቅ ከጎንደር ተመድባ ከመጣች አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ በየዓመቱ ስንት እንደጨመረች ከእሷ ይልቅ የሰፈሩ ሴቶች ያውቁታል። ዘንድሮ ሐኪሙም ገባበት። ማህፀኗ ውስጥ ያለው እጢ በቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት፤ አሥራ ሁለት ኪሎ ካልቀነሰች ግን ማደንዘዣ እንደማይሰጣት ነገራት።

አስተማሪ አይደለች፣ እንደ ክፍለ ጊዜ ሠንጠረዥ አወጣች። ሰኞ ምስር፣ ማክሰኞ ጎመን ያለ ቅባት እያለች እስከ እሑድ ሞልታ ጓዳው በር ላይ ለጠፈችው። ሠንጠረዡ ውስጥ ያልገባው የአሚኔ ሰሃን ብቻ ነው።

በርበሬ ነጋዴዋ አሚኔ ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ ናት። ተናኘወርቅ እዚህ ዘመድ ስለሌላት፣ ስትታመም የምታስታምማት እሷ ናት፤ ለቀዶ ሕክምናውም አልጋሽ ሥር እተኛለሁ ብላታለች። አመሻሽ ላይ ቆጮ ከአይብና ቅቤ ከጠጣ ጎመን ጋር ትልክላታለች። ረቡዕና ዓርብ አይቡም ቅቤውም ቀርቶ ጎመኑ በዘይት ይሆናል። ተናኘወርቅ ራሷ ጾሟን የረሳችበት ቀን አለ፤ ሙስሊሟ አሚኔ ግን አንድም ቀን ስታ አታውቅም።

ቅቤሽ አይስማማኝም ማለት ጨነቃት። ሰሃኑን እያመሰገነች ትቀበልና በጓሮ ዞራ ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ ለአቶ በኃይሉ ታቀብላለች፤ እሳቸው ጠዋት ይመልሱላታል። እንዲህ ሦስት ወር አለፈ። የእሷ ቀሚስ ሰፋ፤ አቶ በኃይሉ ጉንጭ አወጡ። ሰፈሩም ለእሷ መክሳት ሦስት በሽታ፣ ለእሳቸው መወፈር አንዲት ሴት ፈለገ።

አንድ ጠዋት አቶ በኃይሉ ሰሃኑን ሊመልሱ ሲሄዱ፣ በርበሬ ልግዛ ብለው አሚኔ ዘንድ ጎራ አሉ። አሚኔ ሰሃኑን ገልብጣ አየችው። በጥፍር ቀለም ያደረገችው ቀይ ምልክት ከሥሩ አለ። ደጉ ሰውዬ ደግሞ ሳይጠየቁ፣ መምህርት በየማታው እንደሚያበሏቸውና ሙያቸው ከጉራጌ ሴት እንደማያንስ አወሩላት። ሰሃኑን አስቀረችው። ያን ዕለት አመሻሽ ምንም አልመጣም።

በሳምንቱ ሚዛኑ የታዘዘውን አሳየ። ሰኞ አስታማሚ ይዘሽ ነይ ተባለች። ተናኘወርቅ ብርቱካን ገዝታ ወደ አሚኔ ሄደች። አሚኔ በርበሬ መቀንጠሷን አላቆመችም።

«ሰኞ ነው፣ እትዬ አሚኔ።»

«ሰምቻለሁ። አላህ ያሽርሽ።»

ስለ ቅቤው፣ ስለ ሐኪሙ፣ ስለ ይሉኝታዋ ሁሉንም ባንድ አፍ ጀመረችው፤ አንዱንም አልጨረሰችም። አሚኔ ቀና አለች።

«ረቡዕና ዓርብሽን ይዤልሽ የለ፣ ተናኜ? የቀሩት አምስት ቀን ይከብዱኝ ነበር?»

ብርቱካኑን ተቀበለቻት። ተናኘወርቅ በአሥራ ስምንት ዓመት ከዚያ ቤት ባዶ እጇን ስትወጣ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ጓዳው በር ላይ በሰኞ ሳጥን ምስሩ ተሰርዞ፣ ሐኪሙ እንዳዘዘው፣ «ምንም አይበላም» የሚል ተጽፎበታል። ብቻዋን ሆስፒታል ስትደርስ መዝጋቢዋ የአስታማሚ ስም ጠየቀቻት። አቶ በኃይሉ ልትል ከጅሏት ነበር፤ ለነገሩ ሲበሉላት ከርመዋል። ግን ሴቶች ክፍል ወንድ አያድርም። መዝጋቢዋ ቦታውን ባዶውን አለፈችው።