አንጓ

የተቃጠለ ኤሌክትሮድ ሽታ ሲመጣብኝ ዛሬም ቀድሞ የሚታየኝ የአባቴ የቀኝ እጅ አንጓ ነው። አባቴ ነገሌ ላይ፣ በግቢያችን ውስጥ ብየዳ ይሠራ ነበር። ቦና ገብቶ ምድሩ ሲደርቅ ውሃ የሚያመላልሱ ባለጋሪዎች የሚያፈስ በርሜላቸውን ጭነው አጥራችን ሥር ይሰለፉና «አካም፣ ናጋ?» እያሉ ሲገቡ፣ እሱ ጥላሸት የያዘ መዳፉን ወደ ታች አጥፎ አንጓውን ይሰጣቸው ነበር፤ እነሱም እሱኑ ጨብጠው ሥራቸውን ይነግሩት ነበር። እጁ የቆሸሸ ሠራተኛ ሰላምታው እንዲህ ነው፣ ማንም አይከፋበትም።

አቡያ ጂሎ የምንለው የእናቴ ወንድም ግን ሌላ ነበር። ቢሮ ተቀምጦ ሌላ ሰው በጻፈው ወረቀት ላይ ማኅተም ይመታል፤ በዚያች ማኅተም የተነሣ አገር በእሱ የቆመ ይመስለው ነበር። የሚቆልፈው በርና የሚተኛበት አልጋ የአባቴ እጅ ሥራ ሆነው ሳለ፣ አባቴን «ቱምቱ» ይለዋል፤ ብረት ቀጥቃጭ ማለት ነው፣ ከእሱ አፍ ሲወጣ ግን ምራቅ ይመስል ነበር።

ዝናቡ ጥሎ በዙሪያችን ያለው የሊበን ሜዳ ሲለመልም፣ በዓል ሲደርስ፣ አባቴ እጁን በአሸዋና በዱቄት ሳሙና ቆዳው እስኪቀላ ይፈትግ ነበር። አሥረኛ ክፍል በጨረስኩበት ዓመት አቡያ ለበዓል ሲመጣ አባቴ ንጹሕ መዳፉን ዘረጋለት፤ እሱ ግን መዳፉን አልፎ አንጓውን በሁለት ጣት ነካ አድርጎ ተቀመጠ። እናቴ ትሪ እንደያዘች ቆማ አየችው።

«ጂሎ እስከ ዛሬ የጨበጠኝ ቢጠራቀም አንድ ክንድ ይወጣዋል» አለ አባቴ። ከእሱ በቀር የሳቀ አልነበረም።

ከምሳ በኋላ አቡያ ቢሮው ውስጥ የተላላኪነት ቦታ እንዳገኘልኝ ተናገረ። እኔ የምፈልገው ብየዳውን ነበር፤ በቤታችን የሚጸናው ግን የእናቴ ቃል ነው፣ እሷም ለወንድሟ እምቢ ብላ አታውቅም።

«ወይስ ልጁንም ቱምቱ ልታደርጊው ነው?» አላት።

«ካንተ ተምሮ የአባቱን እጅ ከሚጸየፍ፣ እዚሁ አንጓውን ሲሰጥ ይኑርልኝ።»

አሁን አባቴ አርጅቶ ማሽኑን እኔ ይዤዋለሁ። በየስብሰባው የእጅ ሙያ ክቡር ነው ይባላል፤ የሚለው ሰው ግን የራሱን ልጅ ቢሮ ያስገባል። አቡያም ጡረታ ወጥቶ፣ የዘመመ በሩን እንዳቀናለት ይመጣና እንደ ጊዜው መዳፉን ቀድሞ ይዘረጋል። ከመቀመጫዬ እነሣለሁ፣ በሩንም አሳምሬ አቀናለታለሁ። ያኔ አንጓ የሚሰጠው እጅ ሲቆሽሽ ነበር፤ እኔ ለእሱ ታጥቤም አንጓዬን እሰጠዋለሁ።