ሳይከርም የተከፈተው ድፍድፍ

አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ጠላ ሲጠነስሱ በጌሾ አይሳሱም ነበር። ድፍድፉን ጋን ሙሉ አድርገው አፉን በጭቃ ይመርጉታል፤ ሁለት ወር ሳይሞላውም ማንም እንዲነካው አይፈቅዱም። "አሁን ቢጠጣ ሆድ ይነፋል፣ ራስ ይበጠብጣል። ሲከርም ነው የሚለዝበው" ይሉኝ ነበር። እኔ ለቤቱ ገና የዓመት ሙሽራ ነበርኩ።

ጣልያን ደብረ ማርቆስን ይዞ በየቦታው ምሽግ የሠራበት ጊዜ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ባሌ ጠመንጃውን አንግቦ ከአርበኞች ጋር ዱር ገባ። አምበር አጠገብ ባለው ቤታችን ሁለት ሴቶች ብቻ ቀረን። አማቴ ለሟች ባላቸው ተዝካር ሦስት ጋን ድፍድፍ መረጉ። በስምንተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ለጣልያን ያደሩ ስድስት ባንዳዎች ግቢያችን ገቡ።

"ልጅሽ የት ነው?" ሲል አለቃቸው አማቴን ጠየቃቸው።

"ለንግድ ወጥቷል፣ ጌታዬ።"

ቤቱን በረበሩት። በጎተራው ያለውን እህል በሳንጃ ወጉት። ምንም ሲያጡ አለቃው ጋኖቹን አየ።

"ክፈቺው!"

"አልከረመም፣ ጌታዬ፤ ያሳምማል። ቅራሪ አለ፣ እሱን ልቅዳላችሁ።"

"ጥይት ደብቀሽበት ነው!" ብሎ የአንዱን ጋን ጭቃ በሰደፍ ሰበረው። በዘንግ ቢያምሰው ድፍድፍ ብቻ ሆነ። ያኔ በውሃ በጥብጠን እንድንቀዳላቸው አዘዘ። በጥብጬ ቀዳሁላቸው።

ፀሐዩ ጠንክሮ ስለነበር እየደጋገሙ ጠጡት። ብዙም ሳይቆይ ከመካከላቸው አንድ ቀጭን ሰው ሆዱን ይዞ ተጎነበሰ፤ አስመለሰውና ደጃፉ ላይ ተዘረረ። ቢጠሩት አይመልስም። አለቃው ጠመንጃውን አቀባብሎ አማቴ ደረት ላይ ደገነ።

"መርዘሽዋል!"

"ከዚሁ ጋን እኔም እጠጣለሁ" አሉት።

"ሁለት ዋንጫ ጠጪ። ከወደቅሽ ይቺን ምራትሽን ከነቤቱ አቃጥላታለሁ!"

ዕለቱ ዓርብ ነበርና አማቴ እህል አልቀመሱም። ሁለቱንም ዋንጫ ጨልጠው ምሰሶውን ተደግፈው ተቀመጡ። እኔንም አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ጥቂት ቆይቶ ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ላቡ በግንባራቸው ወረደ። ቢያስመልሳቸው አለቀልን። በነጠላቸው ሥር እጄን ይዘው ጥፍራቸው እስኪገባ ጨመቁት።

"እማማ..." ስል፣ "ዝም በይ" አሉኝ ጥርሳቸውን እንደነከሱ።

እኔ የማየው የተዘረረውን ሰው ደረት ነበር። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፤ ደግሞ የቆመ ይመስለኛል። ጸሎት ልጀምር ብዬ አቡነ ዘበሰማያት እንኳ ጠፋኝ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰውየው ዓይኑን ገልጦ "ውሃ" አለ። ጓደኞቹ ሳቁበት። አለቃው ግን ሳይስቅ ጠመንጃውን አወረደና ሰዎቹን አስነሣ። ሲወጡ ያለንን አንድ በሬ ነድተው ሄዱ።

አማቴ ባንዳዎቹ ቁልቁለቱን ወርደው እስኪሰወሩ ጠብቀው፣ ወደ ጓሮ ወጡና ተንበርክከው አስመለሱ። ሳምንት ሙሉ ታመሙ። መቀመጥ ሲችሉ ቤቱን ዘግተን፣ በጎረቤት በቅሎ ጭኜ ሮብ ገበያ በሚባለው አገር ካሉት ዘመዶቻቸው ዘንድ ወሰድኳቸው።

በመንገድ ላይ፣ "ያን ጊዜ አልፈሩም?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"አንቺ እንዳታለቅሺ ፈራሁ" አሉኝ። "ብታለቅሺ ኖሮ እኔም አልችለውም ነበር።"

ባሌ ጣልያን ከወጣ በኋላ በሕይወት ተመለሰ። እናቱ ስለዚያ ቀን የነገሩት ስለ በሬው መወሰድ ብቻ ነው።