ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ፦ የጠመኔ ምልክት

ንጋት፣ ዱከም

ጎህ ሳይቀድ ከአዲስ አበባ ወጣን። ጋሽ ታደለ ከሾፌራችን ከገመቹ ጎን ተቀምጠዋል፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተሞችን ታሪክ ሲጽፉና አሮጌ ቤቶችን ሲመዘግቡ የኖሩ ሰው ናቸው። እኔ ፎቶ አንሺያቸው ነኝ። ዱከም ላይ ሠራተኛ የጫኑ ሚኒባሶች መንገዱን ዘግተውታል፤ አቧራ፣ ጥሩንባ፣ እንቅልፍ ያልጠገበ ፊት። እሳቸው ግን ደስ ብሏቸዋል። አዳማ ያለው የእትዬ አልማዝ አሮጌ ቤት እሳቸው ባመለከቱት መሠረት ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል። አይፈርስም።

"ጋሼ፣ ታዲያ በስልክ አይነግሯቸውም ነበር?" አለ ገመቹ።

"ሲሰሙ ፊታቸውን ማየት አለብኝ።"

ረፋድ፣ አዳማ

ሙቀቱ ከወዲሁ አናት ይበሳል። ባጃጆቹን አልፈን ሰፈሩ ደረስን። ቆርቆሮው የለም፣ በሩ የለም፣ ያ የእንጨት በረንዳ የለም! የቀረው ግድግዳው ብቻ ነው። እትዬ አልማዝ በላስቲክ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል።

"ማን አፈረሰው?" አሉ ጋሽ ታደለ።

"እኔ ነኛ! እኔ በሌለሁበት ሜትር የያዘ ሰው ለክቶ፣ የሚፈርስ ቤት ላይ እንደሚደረገው ምልክት አድርጎ ሄደ አሉኝ ጎረቤቶች። ማሽን መጥቶ ከሚያደቀው ብዬ ነቅዬ ሸጥኩት። ሰው ሁሉ እንዲሁ አይደል የሚያደርገው?"

ግድግዳው ላይ ነጭ የጠመኔ ክብ አለ። ጋሽ ታደለ ለክተው ሲጨርሱ ሁሌም የሚያደርጉት ነው፤ በኋላ ካሜራ ይዤ ስመጣ ቤቱ እንዳይጠፋኝ። ወይ አበሳ!

"ሰውየው እኔ ነኝ" አሉ።

እትዬ አልማዝ ትክ ብለው አዩዋቸው። "ታዲያ ለጎረቤት እንኳ 'አትፍሩ' ብለው ቢሄዱ ምን ነበረበት?"

መኪና ውስጥ ስንገባ ጋሽ ታደለ ድምፃቸው ተለወጠ። "ሻሸመኔም ምልክት አድርጌያለሁ።"

"ምሳውን ተዉት፣ እንሂድ" አለ ገመቹ።

አመሻሽ፣ ሻሸመኔ

ሞጆ ላይ ታጥፈን በዝዋይ ወረድን። ቲማቲም የጫኑ አይሱዙዎች ይበሩብናል፤ ከኋላ ወንበር የጋሽ ታደለን ትከሻ ብቻ አያለሁ።

ሻሸመኔ ገበያው ጀርባ ካለው ቤት ደረስን። ቆርቆሮው አለ። ተመስገን! ጋሽ ታደለ ዘለው ወርደው በኮታቸው እጅጌ ክቡን ይፈገፍጉት ጀመር። ባለቤቱ መዶሻ እንደያዘ ወጣ፤ መሰላል ጣሪያው ላይ ተደግፏል። ገመቹ "አካም?" ብሎ ሰላምታ ሰጠውና ምልክቱ የማፍረስ እንዳልሆነ በኦሮምኛ አስረዳው። ሰውየው መዶሻውን አስቀምጦ የጋሽ ታደለን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

"ተረፍን ማለት ነው?"

ጋሽ ታደለ ለዚህ ቤት ያስገቡት የቅርስነት ማመልከቻ ግን ገና መልስ አላገኘም። እጃቸውን ቀስ ብለው አስለቀቁና መፈግፈጋቸውን ቀጠሉ፤ ክቡ ግን ቀድሞ ጠፍቷል።