በዜና ያለፈው ቀብር

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ስልኳን ፊቴ ላይ ደቅና «እቴቴ፣ ዘመድዎ ተሸለመ እኮ!» አለችኝ። የአክስቴ ልጅ ደምሴ ነው። ለረጅም ዘመን የጋዜጠኝነት አገልግሎቱ ካባ ደርበውለታል። «እሰይ» አልሁ፤ ደስ ያለኝ መሰላት። ለእሷ ያልነገርኋትን እዚህ ልጻፈው።

ያን ጊዜ ቢቸና፣ ትምህርት ቤት ውስጥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርሁ። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ አገሩ በታመሰበት ክረምት ታናሽ ወንድሜ ሞጣ ላይ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ሬዲዮው ግን አንድም ሰው አልሞተም ይላል። በጭቃ መንገድ ቀኑን ሙሉ ተጉዤ ለቀብሩ ደረስሁ። ደምሴም ካሜራውን ይዞ መጥቷል።

«ለማስታወሻ ይሆንዎታል፣ አክስቴ» አላት እናቴን። አልቅሷልም። ከቀብር መልስ የቀረበው የባቄላ ንፍሮ ጨው እንኳ አልነበረውም፤ እሱ ግን ሁለቴ ዘገነ። እንዲህ ያለውን አልረሳም።

ቢቸና ስመለስ ሐዘኔን ደበቅሁ። ዘመድ የተገደለበት ሰው በጥርጣሬ ይታይ ነበርና ጥቁር አልለበስሁም። ለአለቃዬም «አሞኝ ነበር» አልኋቸው።

በሳምንቱ፣ በምሳ ሰዓት፣ ዝናብ አባሮኝ ሻይ ቤት ገባሁ። ቴሌቪዥኑ ዜና ላይ ነው። «የሞጣ ነዋሪዎች በከተማቸው በሰፈነው ሰላም የተሰማቸውን ደስታ አደባባይ ወጥተው ገለጹ» አለ የደምሴ ድምፅ። እናቴ ታየች። አስከሬኑን ከቀብሩ ምስል ቆርጠው አውጥተውታል፤ ለቅሶውን በዘፈን ሸፍነውታል። ነጠላውን ግን ማን ያቅናላቸው! ሴቶቹ ሁሉ፣ ሐዘንተኛ እንደሚያደርገው፣ ጥለቱን ወደ አንገታቸው ዘቅዝቀው ነበር የለበሱት።

ብርጭቆዬን እንደያዝሁ ደረቅሁ። ብጮህ እታሰራለሁ።

ጥግ ላይ የነበሩ፣ የማላውቃቸው ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ።

«ተነሡ እንጂ! ቀብር እያለፈ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል?»

«ኧረ አባባ፣ ዜና እኮ ነው! ቤቴን ሊያዘጉብኝ ነው?» አለች የሻይ ቤቱ ባለቤት።

«ዜና ቢሆንስ? ነጠላ ዘቅዝቆ የሚጨፍር ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ወንበሮቹ ተንኳኩ። አንዱ ተነሣ፣ ሌላው ተከተለ፤ በመጨረሻ ባለቤቷ ራሷ ትሪዋን እንደያዘች ቀጥ ብላ ቆመች። «ነፍስ ይማር» አሉ። ቴሌቪዥኑ ስለ ደስታ ያወራል፣ ቤቱ በሙሉ ለወንድሜ ቆሟል። እኔም ተነሣሁ።

አጠገቤ የቆመችው ሴት አየችኝና «ያንቺ ነው እንዴ?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ወንድሜ ነው» አልሁ። ቢቸና ላይ ይህን ቃል ሳወጣ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም አሳልፎ የሰጠኝ የለም።

ደምሴ ይቅርታ ቢጠይቀኝ ምን እንደምለው አላውቅም፤ ጠይቆኝም አያውቅ። ቂመኛ ነሽ ይሉኛል፤ ነኝ። የእነዚያ ሰዎች ነገር ግን ዛሬም ከልቤ አይወጣም። ስሙን እንኳ ሳያውቁ፣ አልሞተም የተባለውን ልጅ ቆመው ቀበሩልኝ።