ጎርፍ ጠባቂው ሥልጠና ሄደ

አብዱሰመድ ከሮቢት ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ የአንድ ትምህርት ቤት ጥበቃ ነው። ደመወዙ ለበሩ ቢሆንም ልቡ ያለው ከጓሮ በተከላቸው አሥራ ሁለት የኒም ችግኞች ላይ ነው። የራያ ቆላ ዝናብ ቢነፍገውም፣ ተራራው ላይ የዘነበው ጎርፍ ሆኖ ይወርድለታል። አባቱ ጎርፉን ወደ ማሽላ ማሳው ይጠልፍ እንደነበረው፣ እሱም ቦይ ቆፍሮ ወደ ችግኞቹ ይጠልፋል። ጎርፍ ግን ቀጠሮ አያውቅም፤ መጥቶ ለማለፍ አንድ ሰዓት አይፈጅበትም። ቦዩን የሚከፍትለት ሰው ካላገኘ መንገዱን ይቀጥላል።

ትምህርት ቤቱም በወረቀት ለምልሟል። ስለ ዘላቂ ልማት ትምህርት መመሪያ ከመጣ ወዲህ ክበብ ተቋቁሟል፤ ክበቡ ሰባት አመራር፣ ሁለት የቃለ ጉባኤ መዝገብና አንድ ማኅተም አለው። አካፋ የለውም።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ርዕሰ መምህሩ አቶ ሙላው አስጠሩት።

«ጋሽ አብዱሰመድ፣ ነገ ቆቦ ሥልጠና አለብዎት። ስለ ውኃ አያያዝና ስለ ችግኝ እንክብካቤ ነው።»

«ተራራው ጠቁሯል እኮ። ችግኞቹ ዘንድሮ አንድም ጎርፍ አላገኙ፤ የነገው ካመለጠኝ ይደርቃሉ፣ ወላሂ።»

«ክበቡ ይጠብቃላ።»

«ክበቡማ እረፍት ወጥቷል።»

«ስምዎ ተልኳል። ከቀሩ ከትምህርት ቤቱ የምዘና ነጥብ ይቀነሳል።»

ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ነውና አብዱሰመድ ሄደ። አዳራሹ ውስጥ ጫማው የሚያብረቀርቅ አሠልጣኝ የጎርፍ ፎቶ ግድግዳው ላይ አብርቶ «ይህን ሀብት በከንቱ አታሳልፉት» ይላል። ከምሳ በኋላ ተራራው ሲያጓራ አብዱሰመድ ብድግ አለ።

«አባት፣ ሰርተፊኬት ሳይሰጥ መውጣት አይቻልም» አለችው አስተባባሪዋ።

ተመልሶ ተቀመጠ። የሦስት ልጆች አባት ነው፣ ሥራውን እንዳያጣ ፈራ።

ሲመለስ ጎርፉ አስፋልቱን አቋርጦ ወደ አፋር ቆላ ይነጉዳል፤ የተሳፈረበት ባጃጅ ለማለፍ ቆሞ ጠበቀ። አብዱሰመድ ሰርተፊኬቱን ታቅፎ የችግኞቹን ውኃ ሸኘው። ግቢው ሲደርስ የቦዩ አፍ እንደተዘጋ ነው። ከችግኞቹ ሥር ያለውን አፈር ቢዘግነው በጣቶቹ መካከል ዱቄት ሆኖ ፈሰሰ። አለቀሰ፣ ማን አየኝም አላለ።

አቶ ሙላው ፈገግ ብለው መጡና ሰርተፊኬቱን ተቀበሉት። ለሪፖርቱ የሚሆን ነገር ፈልገው እስክሪብቶ አወጡ።

«ለመሆኑ ዛሬ ምን አስተማሯችሁ?»

«እዚህ መዋል እንደነበረብኝ» አላቸው።