ተራ ቁጥር አንድ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ቢቀዳ ስንት ማንኪያ ይወጣዋል? ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ይህን ብጠየቅ ኖሮ ሦስት ገጽ ሙሉ እጽፍ ነበር፤ ያኔ ሁሉን ነገር በሦስት ገጽ የምመልስ ሰው ነበርኩ። ዛሬ ሰባ አምስት ዓመት ተሸክሜ ስቀመጥ ግን መልሱ ከአንድ መስመር የሚበልጥ አይመስለኝም። ዕድሜው አንድ መስመር ላይ ያረፈ ሰው አውቃለሁ። ያንን መስመር የዘለልኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ሰውዬው ኦቦ ጨመዳ ይባሉ ነበር፤ ኦቦ በኦሮምኛ አቶ ማለት ነው። ነቀምቴ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ አንደኛ ክፍል አስተምረዋል። ጣሊያን በወጣ ማግስት ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ወጥተው ጠመኔ ጨበጡ፤ ከዚያ ወዲያ ከአንደኛ ክፍል ወጥተው አያውቁም። «ልጁ ሁሉ እኔን እያለፈ ይሄዳል፤ በዚህ ትምህርት ቤት ደጋሚው እኔ ብቻ ነኝ» እያሉ ይስቁ ነበር።

ካለፏቸው ልጆች አንዱ ነኝ። አባቴ ከሸዋ የመጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለ ነበር እኔ ክፍል የገባሁት አማርኛዬን ይዤ ነው። ከሶርጋ ወንዝ ማዶ በጭቃ እየዳኹ የሚመጡት ልጆች ግን አንድ የአማርኛ ቃል እንኳ ሳይሰሙ ነበር አግዳሚው ላይ የሚቀመጡት። መጽሐፉ አማርኛ፣ ደንቡም አማርኛ ነው። ኦቦ ጨመዳ ታዲያ በሩን ይዘጉና፣ ጎንበስ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ትምህርቱን በኦሮምኛ ያስረዳሉ። ከዚያ በሩን በርግደው ያንኑ ነገር በአማርኛ በጩኸት ያስደግማሉ። እኔ ሌላ ትምህርት ቤት አላውቅምና፣ ትምህርት ማለት በዓለሙ ሁሉ በሹክሹክታ ተጀምሮ በጩኸት የሚያልቅ ነገር ይመስለኝ ነበር። በዚያ ዘዴ የገና በዓል ሳይደርስ ያላነበበ ልጅ አልነበረም።

በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት አንድ ተቆጣጣሪ ከመስኮቱ ውጭ ቆሞ ሹክሹክታውን አዳመጠ። ባርኔጣውን አንስቶ ሰላምታ ሰጣቸውና ሄደ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ የኦቦ ጨመዳ የደረጃ ዕድገት ቆመ። ለምን እንደ ቆመ የሚገልጽ ደብዳቤ አልደረሳቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። ጥፋታቸውን ያውቁት ነበር።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ፣ በስድሳ አምስት፣ እዚያው ከተማ፣ ከአንደኛ ደረጃው ጋር በአንድ ግቢ ባለው ሁለተኛ ደረጃ ላስተምር ተመደብኩ። የመጀመሪያው የደመወዝ ቀን ሁላችንም በአንድ መዝገብ ላይ ፈረምን። ኦቦ ጨመዳ ከኋላዬ ነበሩ። ከስሜ ፊት ለፊት ያለውን ቁጥር አዩ፤ ወደ ራሳቸው ወረዱ፤ ተመልሰው ወደ እኔ ወጡ። ከእሳቸው ሦስት እጥፍ ይበልጥ ነበር።

«ኢልመ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ሀ ሁን ያስቆጠርኩህ እኔ፣ ብሩን የምትቆጥረው አንተ!»

መምህራኑ ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

በስድሳ ስድስት መስከረም ዝናቡ አልወጣ አለ። ጭጋጉ እስከ ቀትር ከተማው ላይ ይተኛል፤ የመኪና ድምፅ ትሰማለህ፣ መኪናው አይታይህም። አውቶቡስ መቆሚያው አካባቢ ከወሎ የመጡ የከሱ ሰዎች ይታዩ ጀመር፤ ስለ እነሱ የሚያወራ ሰው ግን ግራና ቀኙን አይቶ ነበር የሚያወራው። መላው አገር የኦቦ ጨመዳን ክፍል መሰለኝ፤ እውነቱ በሹክሹክታ፣ ውዳሴው በጩኸት።

በዚያ ወር ሠላሳ አንድ መምህራን በየሰበቡ የቆመው ደረጃችን ይለቀቅ፣ ደመወዙም ይስተካከል ስንል ለአዲስ አበባ አቤቱታ ጻፍን። የጻፉት ኦቦ ጨመዳ ናቸው፤ እንደ እሳቸው ጽሕፈት የሚያምር በነቀምቴ አልነበረም። ስማችን በአገልግሎት ዘመን ተራ ሰፈረ። ተራ ቁጥር አንድ፣ ጨመዳ። ተራ ቁጥር ሠላሳ አንድ፣ በላይ፤ እሱ እኔ ነኝ። ወረቀቱ የጊምቢና የሻምቡ መምህራን አንብበውት የራሳቸውን በዚያው ዐይነት እንዲጽፉ ዞሮ ተመለሰ፤ እስኪላክ ድረስ የእኔ መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ።

አንድ ጧት ላንድሮቨር ከጭጋጉ ውስጥ ወጥቶ በራችን ላይ ቆመ። የመጣው ደብዳቤ ነበር። ዳይሬክተራችን አቶ መሸሻ በመምህራን ክፍል ቆመው አነበቡት። በዘውድ በዓል ቀን ከግዛቱ አንድ መምህር በምስጉንነት ይሸለማል፤ የወርቅ ጥልፍ ያለው ካባም ይለብሳል። የተመረጠው አቶ ጨመዳ ነው፤ «አማርኛ የማያውቁ ሕፃናትን በአጭር ጊዜ አማርኛ በማስተማር ላሳየው ብልኃት»።

ማንም አላጨበጨበም። በዚያው ብልኃት አይደል እንዴ አሥር ዓመት የተቀጡት?

መጀመሪያ የተናገረው እሸቱ ነው። የጎጃም ልጅ፣ የሂሳብ መምህር፣ ምላሱ ምላጭ።

«ካባ እንዴት ነው የሚበላው፣ ኦቦ ጨመዳ? በሚጥሚጣ ነው በአዋዜ?»

«ቀቅለን እንበላዋለን፣ እንደ አንጮቴ» አሉ ኦቦ ጨመዳ፣ የአገራቸውን ሥራ ሥር ጠቅሰው። ሳቅ ሆነ። ሳቁ ሲያበቃ ግን ሁሉም ዐይን እሳቸው ላይ ቀረ።

«አልቀበልም ይበሏቸዋ!» አለ እሸቱ፣ አሁን ሳይቀልድ።

«ባልቀበል የሚናደዱት በእኔ ብቻ አይደለም። እቀበልና እዚያው፣ ሕዝቡ ፊት፣ የሁላችንን እናገራለሁ። ቃሌ ነው።»

ቃሉን አንድ ሳምንት ሙሉ ሲያጠኑ ሰማኋቸው። ከትምህርት ቤት ወደ ቤታቸው ወደ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር አብረን ስንሄድ፣ ዛፍ ዛፉን እያዩ ይደጋግሙታል፦ «ጌታዬ፣ ካባውን ለሚበርደው ይስጡልኝ። ለእኔና ለሠላሳ ጓደኞቼ ደረጃችንን ይመልሱልን።» አጭር ነው። አንደኛ ክፍል ልጅ እንኳ ይይዘዋል።

ጥቅምት ሃያ ሦስት ሜዳው በሰውና በባንዲራ ሞላ። ያካፋል። መምህራኑ ባንድ ወገን ተሰልፈን ቆመናል። የግዛቱ ሹም ካባውን አነሡና በኦቦ ጨመዳ ትከሻ ላይ ጣሉት፤ ረጅም ነበር፣ ጫፉ ጭቃ ነካ። ኦቦ ጨመዳ ቀና አሉ፤ አፋቸው ሲከፈት አየሁ። በዚያች ቅጽበት ሹሙ ፈገግ ብለው ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አሉና የሆነ ነገር ተናገሩ። አንድ ወይም ሁለት ዐረፍተ ነገር ቢሆን ነው። የኦቦ ጨመዳ አፍ ተዘጋ። ከዚያ እጅ ነሡ፣ እስከ መሬት ድረስ። ተማሪዎች መዝሙር ጀመሩ።

«አየህ?» አለኝ እሸቱ ከጎኔ። «በጆሮው ዋጋውን ነገሩት።»

ከመድረኩ ወርደው ወደ እኛ ሲመጡ ሰልፉ ቀድሟቸው ተበተነ። እኔም ከተበተኑት ጋር ሄድኩ።

ኦቦ ጨመዳ ያኔ ነው የተሳሳቱት፤ ስሕተቱ ግን የአገሩ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ነው። በእኛ ዘንድ ክብር የደረሰው ሰው ሰፈሩን ካላበላ ክብሩ እንደ ተሰረቀ ዕቃ ይታያል። ስለዚህ ድግስ ደገሱ፤ መምህራኑን በሙሉ በስም ጠሩ። እንጀራ የቆረሰልህን ሰው ቢያንስ ሳታዳምጠው አትሄድምና፣ እንብላ፣ ከዚያ ሁሉን እነግራቸዋለሁ ብለው ነበር። ለድግሱ ያረዱት ሸጠው ጣራቸውን ቆርቆሮ ሊያለብሱበት ያሳደጉትን ወይፈን ነው። የሣር ጣራው ሁለት ክረምት አልፎበት ያፈስ ነበር።

«እንግዲህ ካባውን ጣራው ላይ እናነጥፈዋለን» አሏቸው ባለቤታቸው አዴ ድርቤ። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። ቢሆንም በቅቤ የራሰ ጩምቦ ጋገሩ፣ አንጮቴውን ቀቀሉ፣ ለሠላሳ ሰው ወንበር ከጎረቤት ለመኑ።

እኔ ወደ ድግሱ ሄጃለሁ። ይህንን ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ ሄጃለሁ። ከቤታቸው በላይ ካለው ትልቅ በከኒሳ ዛፍ ሥር ስደርስ እሸቱንና ሌሎች ስድስት መምህራን ቆመው አገኘኋቸው። ወደ ታች ያያሉ። በኦቦ ጨመዳ ደጅ ላንድሮቨሩ ቆሟል። የሹሙ ሰዎችና አንድ የፖሊስ መኮንን ለእኛ በተለመነው ወንበር ላይ ተቀምጠው ይበላሉ። ኦቦ ጨመዳ ካባውን ለብሰው ይቆማሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ወደ መንገዱ ያያሉ። ሳይጠሩ የመጡ እንግዶች መሆናቸውን ማን ያውቃል? ደግሞስ የመጣ እንግዳ ይባረራል?

«ከእነማን ጋር እንደሚበላ አየን» አለ እሸቱ፣ ዞሮም ሄደ። አንድ በአንድ ዞሩ። እኔ መጨረሻ ላይ ዞርኩ። መጨረሻ መዞሬን እንደ ደግነት ቆጥሬው ነበር።

በሳምንቱ ያለ ኦቦ ጨመዳ ተሰበሰብን። አቤቱታው እንደገና ይጻፍ፣ የሸላሚዎቹ ሰው ስም ይውጣ ተባለ። ጽሕፈትህ ከቀረነው ይሻላል ብለው ብዕሩን ለእኔ ሰጡኝ። ፊደሉን ባስቆጠሩኝ ሰው ፊደል ላይ እያየሁ ገለበጥኩ፤ ቃል አልጨመርኩም፣ ቃል አልቀነስኩም። ዝርዝሩ ጋ ስደርስ ተራ ቁጥር አንድ ብዬ ጻፍኩና የሚቀጥለውን ሰው ስም አስገባሁ። ብዕሬን እንኳ አላዘገየሁም። ዛሬ የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ወሬው በሁለተኛው ቀን ደረሳቸው። ከትምህርት ቤት ስወጣ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር፤ ያለ ካባ፣ በዚያው በአሮጌ ኮታቸው።

«ነጋ ዳ፣ ኢልመ ኮ? ደህና ነህ? ሹሙ በጆሮዬ ምን እንዳሉኝ ልንገርህ?» አሉኝ።

ሰው እንዳያየን ወደ አጥሩ ጎን ፈቀቅ አልኩ።

«‹ጽሕፈትህ ያምራል፤ ተራ ቁጥር አንድም አንተ ነህ። የተቀሩትን ሠላሳውንም እናውቃቸዋለን› አሉኝ። እኔ ብቻዬን ብሆን እናገር ነበር። ሠላሳችሁ በዐይኔ ላይ ተደረደራችሁ።»

«ለምን ያኔውኑ አልነገሩንም፣ ጋሼ?»

«ለማን? ሰልፉ ተበትኖ? ድግሱ ላይ እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር፤ ወንበራችሁ ላይ እነሱ መጥተው ተቀመጡ።» ኮታቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «ካባ መስጠት ሰውን መለየት ነው፤ በግ ከመታረዱ በፊት ከመንጋው እንደሚለየው። ስሜን ወደ መንጋው መልሱልኝ» አሉ።

ለጓደኞቼ እነግራቸዋለሁ አልኩ፤ ነገርኳቸውም። ኦቦ ጨመዳ አልሸጡንም፣ ስለ እኛ ነው ዝም ያሉት ብዬ ተናገርኩ። ፊታቸው ተለዋወጠ። ከዚያ እሸቱ ቀስ ብሎ፣ «እውነት ከሆነ ይባስ። ጽሕፈቱን ካወቁ፣ ስሙን ካወቁ፣ እሱ ያለበት ወረቀት እኛንም ያስይዘናል» አለ። ቀድሞ ከሃዲ ነው ተብሎ የወጣ ስም፣ አሁን ታማኝ ሆኖ በመገኘቱ ሳይመለስ ቀረ። እኔም እጄን አላወጣሁም። ወረቀቱ በሠላሳ ስም ሄደ፤ ቅጂው እኔ ዘንድ ቀረ።

በየካቲት አገሩ ተናወጠ፤ መምህራን ሥራ አቆሙ። ኦቦ ጨመዳም አቆሙ። ሆኖም እኛ የቆምንበት ሲመጡ ወሬ ይቋረጣል፤ ትምህርት ቤቱ ሲገቡ ደግሞ የሹሙ ሰዎች ‹ምስጉናችን› እያሉ አስተምር ይሏቸዋል። ከሁለቱ መካከል፣ አጥሩ ሥር፣ ብቻቸውን ሲቆሙ እናያቸው ነበር። ጎንበስ ብሎ «አካም ጅርቱ?» እያለ ደህንነታቸውን የሚጠይቃቸው የአንደኛ ክፍል ልጅ ብቻ ነው። ከዚያ የቤት ፍተሻ ይመጣል ተባለ። በመሳቢያዬ የቀረውን፣ በእሳቸው እጅ የተጻፈውን የመጀመሪያውን አቤቱታ፣ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። ፍተሻው እኔ ቤት አልደረሰም።

በሐምሌ ሳንባቸውን ያዛቸው። ልጠይቃቸው ስገባ ውሃው ከጣራው በሦስት ቦታ ይንጠባጠባል። አዴ ድርቤ ካባውን ከአልጋው በላይ በወራጁ ላይ ወጥረውታል፤ ጥልፉ ርሶ ጠቁሯል። ኦቦ ጨመዳ ትንሽ ወደ ጎን አሉልኝ፤ እንድቀመጥ። ትንፋሻቸው አጥሮ ነበርና የሚናገሩት ያኔ ክፍል ውስጥ በሩን ዘግተው ይናገሩት በነበረው ድምፅ ነው። ለዚህ ልመናቸው፣ ወረቀቱ ተቃጥሏል ለማለት አልደፈርኩም፤ እሺ ብቻ አልኩ፦

«ያ በእኔ ጽሕፈት ያለው አንተ ዘንድ አለ አይደል? እዚያ ላይ እኔ አለሁ፤ እሱን አስቀምጠው። ከተላከው አንተ ዘንድ በቀረው ቅጂ ላይ ደግሞ፣ ተራ ቁጥር አንድ ባይሆን ግድ የለም፤ ከታች፣ ከኅዳጉም ላይ ቢሆን፣ በአንተው እጅ ስሜን ጻፍልኝ።»