ጾም የያዘው ከበሮ

ለልጄ የመጀመሪያ የዜማ ዕቃው ምን ይሁን ተብሎ ቤታችን ውስጥ ሸንጎ ተቀመጠ። ልጁ ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም፤ ንፍጡን እንኳ እኔ ነበርኩ የምጠርግለት። ነገሩ ከክፉ ቀን በፊት ነው። አንኮበር ገና ከብቱም ሰዉም ሙሉ ነበርና ለእንዲህ ያለ ሙግት ጊዜ ነበረን። ወንድሜ መሰንቆ ልሥራለት አለ። "ልጄን አዝማሪ ልታደርገው ነው?" ብዬ አባረርኩት። ባሌ በገና አለ፤ በገናው ከልጁ በቁመት ይበልጣል። እኔ ዋሽንት አልኩ፤ ዋሽንት ቢያንስ አፉ ሲጎርስ ዝም ይላል። የሰማኝ የለም።

አብረውን የሚኖሩት የባሌ አባት ግን ከበሮ ብለው ቆረጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በደብራችን ማኅሌት ከበሮ ሲመቱ የኖሩ ደብተራ ነበሩ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ከበሮው ለሌላ ተሰጥቶ እሳቸው ከኋላ ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አንሥተው አያውቁም። "ይህ ልጅ በፋሲካ ሲመታ ሰምቼ ልሙት" አሉ። "ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር" ብላቸው፣ "እኮ! እንዳያደናግረው በሕፃንነቱ ይያዘው" ብለው በራሴ ተረት አሸነፉኝ።

አሊዩ አምባ ገበያ ወርደው የዋንዛ ጉማጅ አመጡ፣ አስቦረቦሩ፣ የጥጃ ቆዳ አስለበዱ። ተሠርቶ መቼ ደረሰ? በዐቢይ ጾም ዋዜማ! በጾም ከበሮ እንደማይመታ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ በደብሩ የለም፤ ደስታው ነው መሰለኝ ያስረሳቸው። ልጁ ያን ቀን እስኪመሽ ደበደበው። ቀኝ እጁን ብቻ ይሰነዝራል፤ ሽማግሌው ከመደባቸው ላይ ሆነው "ግራህን አትርሳ!" ይላሉ። በማግስቱ "ጾም ገባ፤ ይሰቀል" አሉ። "ልደብቀው?" ብላቸው "የማኅሌት ዕቃ አይደበቅም" ብለው ምሰሶው ላይ፣ ልክ ልጁ በሚያየው ቦታ አሰቀሉኝ።

እንግዲህ ጾሙን ሙሉ ዘበኛ ሆኜ ከረምኩ። ልጁ ምሰሶው ሥር ተንከባሎ ያለቅሳል፤ እኔ ጣቴን ከአፌ ላይ አድርጌ "እሽሽ፣ ጾም ነው" እላለሁ። ከበሮውን ሲያጣ ቡሃቃዬን ይመታል፤ ጎንበስ ስል ጀርባዬን ይመታል። አንድ ቀን ጎረቤታችን ቡሃቃው ሲደለቅ ሰምታ "ምነው፣ በጾም ሰርግ አለ እንዴ?" ብላ በአጥር በኩል ተጣራች። አፈርኩ። እኔ "ጾም ነው!" ስል ከመደቡ ላይ ደግሞ "ግራህን አትርሳ!" ይመጣል። አያትና የልጅ ልጅ ሁለቱንም ከምሰሶው ጋር ባስራቸው በወደድኩ።

የጾሙ እኩሌታ ካለፈ በኋላ ሽማግሌው ታመሙ። በሆሳዕና፣ በሰሞነ ሕማማት ለሚሞት ሁሉ ፍትሐቱ አስቀድሞ ሲደረስ፣ በሰው ትከሻ ተደግፈው ቆመው የራሳቸውን ሰሙ። ሐሙስ ዕለት ጠሩኝ። ባሌ ከሚያገለግለው ጌታ ጋር ደብረ ብርሃን ሄዶ ስለነበር ቤት ውስጥ ያለነው እኔና ልጁ ብቻ ነን።

"ልጄ፣ ከበሮውን አውርጂልኝ። ለእሑድ አልደርስም።"

"አባባ! ጾሙን ሙሉ ሲያስጠብቁኝ ከርመው ዛሬ? በጸሎተ ሐሙስ?"

"አንድ ጊዜ ብቻ ልስማው። እኔ እጠየቅበታለሁ።"

በሩን ዘጋሁና ከበሮውን አወረድኩ። ማንገቻውን በልጁ አንገት አገባሁለት። "ምታ፣ የኔ ጌታ" አልኩት። ከበሮውን አየ፤ እኔን አየ። ከዚያ እሱም ጣቱን ከአፉ ላይ አደረገ።

"እሽሽ። ጾም ነው።"

ለመንኩት። ቆሎ አሳየሁት። እጁን ይዤ ላስመታው ስል "ጾም ነው!" ብሎ ጮኸና ከበሮውን በአያቱ ጋቢ ሸፈነው። ያን ሁሉ ሰሞን አንዲት ቃል አልሰማ ያለኝ ልጅ! ምናለ ዛሬም አልሰማ ቢለኝ ብዬ በንዴት አለቀስኩ። ሽማግሌው ሳል እስኪያንቃቸው ሳቁ። "ተይው፤ ልክ ነው። ደህና አድርገሽ አስተምረሽዋል" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አረፉ። ጊዜው ሕማማት ነውና ያለ ዜማ ቀበርናቸው።

በፋሲካ ጠዋት ልጁ ቀሚሴን ጎተተ።

"ጾም አለቀ?"

"አለቀ።"

ከበሮውን ከጋቢው ውስጥ አወጣና ከባዶው መደብ ፊት አስቀመጠው። በቀኝ እጁ መታ፣ መታ። ከዚያ ቆም አለና ወደ መደቡ ቀና ብሎ ጠበቀ።

"ግራህን አትርሳ" አልኩት።